ኮምፒውተር በራሱ ጊዜ ሲጠፋ፦ ከግድግዳው ሶኬት እስከ ፓወር ሰፕላዩ ደረጃ በደረጃ መፈተሻ

«ኮምፒውተሬ እየሠራሁበት ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ምን ልግዛለት?» የሚለው ጥያቄ አዳማ ውስጥ፣ በተለይ ሙቀቱ በሚጠናበት ወቅት፣ ማብቂያ የለውም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ገና ምንም አይግዙ። ችግሩ ሶኬቱ ጋ፣ ዲቫይደሩ ጋ፣ አቧራው ጋ፣ ማብሪያ ቁልፉ ጋ ወይም ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የመጣውን ኃይል ለኮምፒውተሩ በሚስማማው ልክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ጋ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ግን የሚያጠፉበት መንገድ ይለያያል። አጠፋፉን በደንብ ካስተዋሉ የሥራው ግማሽ አልቋል። ደረጃዎቹ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው የተደረደሩ ስለሆነ አንዱንም አይዝለሉ። መመሪያው በዋናነት ለዴስክቶፕ ነው፤ ስለ ላፕቶፕ ከታች ለብቻው ተጽፏል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ መካከለኛ መጠን ያለው። ጫፉ ማግኔት ቢኖረው ብሎን ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ሥር ወድቆ ከመፈለግ ያድናል።
- ለስላሳና ደረቅ የቀለም ቡሩሽ፣ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ።
- የኮምፒውተር ብሎወር ወይም በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ።
- ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው እንዲያልፍ መሃላቸው የሚደረግ ቅባት)፤ 1 ግራም ለአንድ ኮምፒውተር ይተርፋል።
- ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል እና ቃጫ የማይለቅ ጨርቅ።
- ዲጂታል መልቲሜትር (ቴስተር)።
- ላጲስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።
- እንደሚሠራ የተረጋገጠ ሌላ የኃይል ገመድ፤ ከተቻለም በውሰት የሚገኝ ፓወር ሰፕላይ።

ከመጀመርዎ በፊት

ከሁሉም በፊት የሚፈልጓቸውን ፋይሎች ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ፋይል ይበላሻል፤ ዊንዶውስ ራሱ እስከ አለመነሳት ሊደርስ ይችላል። በምርመራው ጊዜ ደግሞ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ መጥፋቱ አይቀርም።

ሳጥኑን ከመክፈትዎ በፊት ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ በማብሪያ ቁልፉ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከነቀሉ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ኃይል በዚህ ይወጣል። ዕቃ ከመንካትዎ በፊት ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት ይንኩ፤ በተለይ በደረቁ የበጋ ወራት ከልብስና ከምንጣፍ የሚመጣው ስታቲክ (በፍትጊያ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ) ራምና (ጊዜያዊ ማስታወሻውንና) ማዘርቦርድ ያቃጥላል።

ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ፈትተው አይክፈቱ። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቃሚ) ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ሰው ይገድላል። አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አላቸው። ሁልጊዜ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ አድርገው በእኛ 220 ቮልት ከሰኩት በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል።

ደረጃ 1፦ አጠፋፉን ይመዝግቡ

ለሁለት ሦስት ቀን ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር እነዚህን ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ከተከፈተ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ምን እየሠራ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ምን ሌላ ዕቃ እንደተሰካ፣ ከጠፋ በኋላም ወዲያው እንደተነሳ ወይም እምቢ እንዳለ። ጽሑፉ አድካሚ ቢመስልም ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። የጻፉትን ከዚህ ጋር ያስተያዩ፦

- በተከፈተ በ4 ወይም በ5 ሰከንድ ውስጥ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ልክ ከጠፋ ማብሪያ ቁልፉ ተጣብቋል ብለው ይጠርጥሩ። ቁልፍ ለ4 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲያዝ ኮምፒውተሩ በግድ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። (ደረጃ 6)
- ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ሠርቶ፣ መጀመሪያ እየተንቀረፈፈ ወይም ፋኑ እየጮኸ ከጠፋ፣ ወዲያው ሲከፍቱትም ቶሎ መልሶ ከጠፋ፣ ሙቀት ነው። (ደረጃ 5)
- ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሲቀናበር በቅጽበት ድርግም ካለ፣ ገመዱ ተነቅሎ ጥቂት ካልቆየ በስተቀርም በቁልፉ ካልነሳ፣ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመከላከል ቆልፏል ማለት ነው። (ደረጃ 8)
- ምጣድ ሲሰካ፣ ፍሪጅ ሲነሳ ወይም አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ከጠፋ የቤቱ መስመር ነው። (ደረጃ 3)
- ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱ ተመልሶ ከተነሳ፣ ያ መጥፋት ሳይሆን ዊንዶውስ መውደቁ ነው። (ደረጃ 2 እና 7)
- ስክሪኑ ብቻ ጨልሞ የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም። ኪቦርዱን ይንኩ፤ ከተነሳ በፓወር ሴቲንግ ውስጥ የእንቅልፍ ሰዓቱን ማራዘም ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ዊንዶውስ የጻፈውን ያንብቡ

በስታርት ምልክቱ ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ይጫኑና ኢቨንት ቪውወርን ይክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም የሚለውን ይምረጡ። በወረቀትዎ ላይ የጻፉትን ሰዓት ይፈልጉና ቁጥሮቹን ይመልከቱ።

ቁጥር 1074 ካዩ አንድ ፕሮግራም ወይም አፕዴት በሥርዓቱ አጥፍቶታል፤ ዕቃው ጤነኛ ነው። 1001 ከባግቼክ ጋር ከመጣ ሰማያዊ ገጽ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ወይም ራም ነው። 41 ከርነል ፓወር እና 6008 ብቻ ካሉ ኮምፒውተሩ ሳይሰናበት ኃይል ተቋርጦበታል ወይም ደርቆ ቀርቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ 41 የበሽታው ስም አይደለም። ዊንዶውስ ተመልሶ ሲነሳ «ባለፈው በሥርዓት አልተዘጋሁም» ብሎ የሚጽፈው ማስታወሻ ብቻ ነው። «የ41 መፍትሔ» ብሎ ድራይቨር የሚያስጭንዎትን አይስሙ።

ሰማያዊ ገጹ ሳይነበብ የሚያልፍ ከሆነ ሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ ገብተው «በራሱ ተመልሶ እንዲነሳ» የሚለውን ምልክት ያጥፉ። ከዚያ በኋላ ገጹ ባለበት ይቆማል፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ደረጃ 3፦ ከግድግዳው እስከ ሳጥኑ ያለውን መስመር ይፈትሹ

ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አምፖሉ እየበራ ስለነበር ብቻ «መብራት አልጠፋም» ብለው አይደምድሙ። ደህና ፓወር ሰፕላይ ኃይል ቢቋረጥበት ባጠራቀመው የሚያቆየው 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ምልልስ 20 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። አንዲት ምልልስ ብቻ ብትጎድል አምፖሉ ብልጭ ማለቱን ዓይንዎ ላያስተውል ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይጠፋል። ፓወር ሰፕላዩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ያንንም ያህል አይታገስም።

1. የኃይል ገመዱን ከሳጥኑ ጀርባ ነቅለው አጥብቀው መልሰው ይስኩት፤ ከዚያ በሌላ ገመድ ይቀይሩት። ገመዱ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከላላ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ያጠፋል።

2. ዲቫይደሩን ከመሃል ያውጡ። ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝተው አንድ ቀን ይሥሩ። ካልጠፋ ጥፋተኛው ዲቫይደሩ ነው። መሰኪያው ቡናማ የሆነ፣ የቀለጠ ወይም ሲነኩት የሞቀ ዲቫይደር ይጣል፤ ከኮምፒውተሩ መጥፋት በላይ እሳት ያስነሳል።

3. የምጣዱን ነገር ይመልከቱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ቀጭን ሽቦ ባለበት ቤት፣ ወይም ብዙ አባወራ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ፣ ይህ ሁሉ አምፔር በሽቦው ሲያልፍ መንገድ ላይ ቮልቴጅ ይበላል። መልቲሜትር መጠቀም የሚችሉ ከሆነ በኤሲ 750 ቮልት ላይ አድርገው ሶኬቱን ምጣዱ ከመሰካቱ በፊትና ከተሰካ በኋላ ይለኩ። ከ200 ቮልት በታች ከወረደ ለኮምፒውተር ጥሩ አይደለም። መለካቱን ካልለመዱ አይሞክሩት፤ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። መፍትሔው ለኮምፒውተሩ ክፍል ከብሬከሩ የተለየ መስመር ማስዘርጋት ነው፤ እስከዚያው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ኮምፒውተሩን ማጥፋት።

4. ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካለዎት እሱንም ይጠርጥሩት። በአብዛኛው የቤት ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሲሆን ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ባለበት ቤት ከዚያም ያንሳል። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ቮልቴጅ ትንሽ ሲወርድ ወደ ባትሪ ለመዞር ይሞክርና ኃይል አጥቶ ሁሉንም ያጠፋል። ማለትም ሊጠብቀው የተገዛው ዕቃ ራሱ ያጠፋዋል። ሲፈትሹት ኮምፒውተሩን አይስኩበት፤ በእሱ ፋንታ 60 ዋት የሆነ የድሮውን ዓይነት አምፖል ሰክተው የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ይንቀሉ። አምፖሉ ወዲያው ወይም በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ባትሪው ይቀየር።

5. ሲሠራ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ስታብላይዘር በእያንዳንዱ ቀጭታ ኃይሉን ለቅጽበት ሊቆርጥ ይችላል። ኮምፒውተሩ ከድምፁ ጋር የሚጠፋ ከሆነ ያለ ስታብላይዘሩ ለጥቂት ሰዓት ይሞክሩት።

የሳጥኑን ብረት ሲነኩ የሚነዝርዎት ከሆነ ቤቱ ኧርዝ የለውም ወይም ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ተጠቅመዋል። ይህ በአብዛኛው ኮምፒውተሩን አያጠፋውም፤ ቢሆንም በኤሌክትሪሺያን መስተካከል ያለበት አደጋ ነው።

ደረጃ 4፦ ባዮስ ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩት

ይህ ደረጃ ምንም ወጪ የለውም፤ ጥርጣሬውን ግን ለሁለት ይከፍለዋል። ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ዲሊት ወይም ኤፍ2 የሚለውን ቁልፍ እየደጋገሙ ይጫኑ፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኮምፒውተሩ መነሻ ፕሮግራም) ይከፈታል። እንዲያው ለ30 ደቂቃ ይተዉት። እዚያም ከጠፋ ዊንዶውስን፣ ቫይረስን፣ ድራይቨርን ከጥርጣሬ ያውጡ፤ ኃይል፣ ሙቀት ወይም ዕቃ ነው። ሳይጠፋ ከቆየ ግን ዕቃው ገና ነጻ አልወጣም፤ ባዮስ ውስጥ ግራፊክስ ካርዱም ዲስኩም ብዙ አይሠሩም። ወደ ደረጃ 5 ይለፉ።

ባዮሱ ላይ ሳሉ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የፋኑን ዙር የሚያሳየውን ገጽ ይፈልጉ። የፋኑ ዙር ዜሮ ከሆነ፣ ወይም ሙቀቱ ምንም ሳይሠራ 80 ዲግሪ አልፎ እየጨመረ ከሄደ፣ ቀጥሎ ያለው ደረጃ የእርስዎ ነው።

ደረጃ 5፦ ሙቀት

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ የሚያቀዘቅዘው በጥቂቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከሰዓት በኋላ ሲግል፣ በጋ ነፋሱ የሚያመጣው ደቃቅ አቧራ ደግሞ የአየር መንገዱን ሲደፍነው፣ ፕሮሰሰሩ መተንፈሻ ያጣል።

መጀመሪያ ይለኩ። ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑና ኮምፒውተሩ ሳይሠራ፣ ከዚያም ከባድ ሥራ እየሠራ ለ15 ደቂቃ ይመልከቱ። ሥራ ፈትቶ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ፣ በሥራ ላይ እስከ 85 ዲግሪ የሚያሰጋ አይደለም። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ያንቀራፍፋሉ፤ በዚያም ካልበረደ፣ እንዳይቃጠሉ ኃይሉ እንዲቋረጥ ያደርጋሉ። ከመጥፋቱ በፊት መንቀርፈፉ ትልቅ ምልክት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጽዳቱን እንዲህ ይሥሩ፦

1. ሳጥኑን ወደ ውጭ፣ ጥላ ቦታ ያውጡት። ቤት ውስጥ የተነፋ አቧራ ተመልሶ እዚያው ይገባል።

2. የጎኑን ክዳን ያውልቁ። ከመንካትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ የትኛው ገመድ የት እንደነበር ኋላ ይፈልጉታል።

3. የፕሮሰሰሩን ፋን በጣትዎ ይያዙና እንዳይዞር አድርገው አቧራውን በቡሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ ይንፉ። ሳይያዝ በብሎወር የሚነፋ ፋን ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔቱ ይጎዳል።

4. ፋኑን ብቻ አጽድተው አያቁሙ። ዋናው አቧራ ከፋኑ ሥር፣ በአሉሚኒየሙ ቅጠሎች መካከል ነው። የእጅ ባትሪ አብርተው በጎን በኩል ይመልከቱ፤ ከላይ ንጹሕ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሥሩ እንደ ሱፍ ጨርቅ በተጋገረ አቧራ ተደፍኖ ይገኛል። አየሩ የሚያልፈው በዚያ በኩል ስለሆነ ያ ንጣፍ ካልወጣ ጽዳቱ ዋጋ የለውም።

5. የፓወር ሰፕላዩን ቀዳዳዎች ሳይከፍቱ ከውጭ ይንፉ።

ሳጥኑን ወደ ጎሚስታ ወስደው በጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር አያስነፉት። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው አየር ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ግፊቱም ትንንሽ ዕቃ ይነቅላል። የቤት ቫኪዩም ክሊነርም ማዘርቦርድ ላይ አይጠቀሙ፤ ስታቲክ ይፈጥራል።

ጸድቶም ሙቀቱ ካልወረደ ቴርማል ፔስቱ ደርቋል፤ ወይም ሂት ሲንኩ (ከፋኑ ሥር ያለው ባለ ቅጠል አሉሚኒየም) ፕሮሰሰሩ ላይ በትክክል አልተቀመጠም። በብዙ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ሂት ሲንኩን የሚይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከለቀቀ ሂት ሲንኩ በአንድ ጥግ ከፀጉር ውፍረት ባልበለጠ ክፍተት ይነሳል፤ ያ ክፍተት ብቻ ሙቀቱን በደቂቃ ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ ያደርሰዋል። እያንዳንዱን እግር በቀስታ እየነቀነቁ ይፈትሹ።

ፔስት ሲቀይሩ ኮምፒውተሩን 5 ደቂቃ አሠርተው ያጥፉትና ይንቀሉት፤ ለብ ያለ ፔስት በቀላሉ ይለቃል። ሂት ሲንኩን በቀጥታ ወደ ላይ አይሳቡ፤ ግራና ቀኝ በትንሹ እያዞሩ ያላቁት። እግር ያላቸው የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች በደረቀ ፔስት ከሂት ሲንኩ ጋር ተጣብቀው ከመቀመጫቸው ሊነቀሉና እግራቸው ሊጣመም ይችላል። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፤ መሃል ላይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች አንዲት ጠብታ ያስቀምጡና ሂት ሲንኩን መልሰው ይጫኑ። በጣት መቀባት አያስፈልግም፤ ጭነቱ ራሱ ያሰራጨዋል። ፔስት የሚሞላው ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ነው፤ ሲበዛ ሙቀት ያፍናል እንጂ አይረዳም። እግሮቹን በሰያፍ፣ አንዱን፣ ከዚያ ቀጥሎ ተቃራኒውን እያሉ፣ «ቀጭ» እስኪሉ ይጫኑ። በመጨረሻ የፋኑን ገመድ ሲፒዩ ፋን ተብሎ በተጻፈበት ቦታ መልሰው ይስኩ።

አቀማመጡንም ያስተካክሉ። ሳጥኑ ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከወለሉ ከፍ ይበል፤ በር በሌለው ጠረጴዛ ሥር ይሁን። ላዩ ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል ያንሱ፤ በብዙ ሳጥኖች ሞቃቱ አየር የሚወጣው በላይና በጀርባ በኩል ነው።

ደረጃ 6፦ ማብሪያ ቁልፉና የፊት ዩኤስቢዎች

ከሳጥኑ ፊት ተነስተው ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ ከሚሰኩት ቀጫጭን ሽቦዎች መካከል ፓወር ስዊች ተብሎ የተጻፈበትን ባለ ሁለት ቀዳዳ መሰኪያ ይንቀሉ። ኮምፒውተሩን ለማስነሳት በተራቆቱት ሁለት እግሮች ላይ የካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ነካ አድርገው ያንሱ፤ ሌላ እግር ግን አይንኩ። አሁን ካልጠፋ ቁልፉ ተጣብቋል። ሳጥኑ ሪሴት ቁልፍ ካለው የእሱን መሰኪያ በማብሪያው ቦታ ይስኩት፤ ሪሴቱ ማብሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ወጪ የለውም።

የፊት ዩኤስቢዎቹን በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። የታጠፈ እግር ወይም የወደቀ ብረት ካለ ሾርት ያደርጋል። አንዳንድ ማዘርቦርዶች «ኦቨር ከረንት» ብለው ጽፈው በ15 ሰከንድ ውስጥ ይዘጋሉ። የፊት ዩኤስቢ ገመዱን ከማዘርቦርዱ ነቅለው ይሞክሩ።

ደረጃ 7፦ መሰኪያዎችና ራም

ትልቁን ባለ 24 እግር መሰኪያና ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 እግር መሰኪያ ነቅለው ይዩ። ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ያለ ቀዳዳ ካለ መገናኛው ላልቶ ነበር። ራሞቹን አውጥተው ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ፈተግ አድርገው ይጥረጉ፣ ፍርፋሪውን ያራግፉ፣ መልሰው ይስኩ። ከአንድ በላይ ከሆኑ አንዱን ብቻ አስቀርተው ተራ በተራ ይሞክሩ። ብልሽት ያለው ራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ገጽ ያመጣል እንጂ ድርግም አያደርግም፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አያጥፉ።

ደረጃ 8፦ ፓወር ሰፕላይ

እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ተጠርጣሪው ይህ ነው።

መልቲሜትሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ትርፍ የሆነውን ባለ 4 ቀዳዳ ትልቅ መሰኪያ ይፈልጉና ጥቁሩን ጫፍ ጥቁር ሽቦ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ያስገቡ። ቀዩን ጫፍ በቢጫው ላይ ሲያደርጉ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ በቀዩ ላይ ሲያደርጉ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ማንበብ አለበት። ሁለቱ የመለኪያ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ። ኮምፒውተሩን ከባድ ሥራ አስጀምረው ቁጥሩን ይከታተሉ፤ ቢጫው ከ11.4 በታች ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ግን ነጻ አይውጣ። መልቲሜትር በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋውን የቅጽበት ውድቀት አያየውም። ቁርጡን የሚነግርዎ የተረጋገጠ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ ለአንድ ቀን መሞከር ነው።

ሲገዙ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑ። ተለጣፊው ላይ በ12 ቮልት ሥር ያለውን አምፔር ይፈልጉና በ12 ያባዙት። 500 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ብቻ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚያገኙት 216 ዋት ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው የቢሮ ሥራ ኮምፒውተር እውነተኛ 300 ዋት ይበቃል። እንደ ጂቲኤክስ 1660 ያለ 120 ዋት የሚስብ ካርድ ካለ 450 ዋት ይመከራል።

ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ኮምፒውተሮች ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ብዙዎቹ የራሳቸው መሰኪያና የራሳቸው ቅርጽ ያለው ፓወር ሰፕላይ ነው የሚጠቀሙት፤ ገበያ ላይ ያለው ባለ 24 እግር አይገጥምላቸውም። አሮጌውን ፈትተው ይዘው ይሂዱና መሰኪያውን አመሳስለው ይግዙ።

ደረጃ 9፦ ማዘርቦርድ

በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮች ይዩ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካለ ማዘርቦርዱ ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይሰጥ። ካፓሲተር መቀየር ማዘርቦርድ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ከማዘርቦርዱ ሥር የወደቀ ብሎን እንደሌለም ሳጥኑን ነቅነቅ አድርገው ያዳምጡ።

ላፕቶፕ ከሆነ

ቻርጀሩን ሲነቅሉ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል። ባትሪው 30 ወይም 40 በመቶ እያሳየ ድርግም ካለም እንዲሁ። ቻርጀር ላይ ሆኖም ከጠፋ የመሰኪያውን አንገት በቀስታ ነቅነቅ ያድርጉ፤ የቻርጅ መብራቱ ከተቆራረጠ መሰኪያው ላልቷል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከሞቀ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ አልጋና ፍራሽ ላይ አያስቀምጡት፤ አየር የሚስበው ብዙውን ጊዜ በሆዱ ነው። ሆዱ ያበጠ ወይም የማውስ ሰሌዳው ወደ ላይ የተገፋ ላፕቶፕ ባትሪው አብጧልና ቻርጅ ማድረጉን ወዲያው ያቁሙ፤ አይውጉት፣ አይጫኑት፣ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ዊንዶውስን እንደገና መጫን። ባዮስ ውስጥ ለሚጠፋ ኮምፒውተር ምንም አይፈይድም፤ ጭነቱ መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም።
- የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ መቀየር። እሱ የሚይዘው ሰዓትና የባዮስ ቅንብር ነው፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ካልሄደ አይንኩት።
- ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር። ቢድንም የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ ሲመለስበትም ከዜሮ ይጀምራሉ።
- ክዳኑን ከፍቶ የክፍል ፋን እያስነፉ ለወራት መጠቀም። ለአንድ ቀን ሙከራ ጥሩ ነው፤ በዚያ ካልጠፋ ሙቀት መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን አቧራው በእጥፍ ይገባል።
- በጠፋ ቁጥር ወዲያው መልሶ መክፈት። ከሙቀት ከሆነ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይብረድ።

ካስተካከሉ በኋላ ማረጋገጫ

የቀየሩትን ነገር በወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ኮምፒውተሩን ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ በሚሞቅበት ሰዓት፣ ከባድ ቪዲዮ ወይም ጌም ከፍተው ለአንድ ሰዓት ያሠሩትና ሙቀቱን ይከታተሉ። በሌላ ቀን ምጣዱ ተሰክቶ ሳለ ይሞክሩት። በሁለቱም ካልጠፋ ለአንድ ሳምንት እንደወትሮው ይጠቀሙበትና ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ገብተው አዲስ 41 እንዳልተጻፈ ይመልከቱ። አቧራውን በበጋ በየ3 ወሩ፣ በክረምት አንድ ጊዜ ያራግፉ፤ ፔስቱ ግን ሙቀቱ ካልጨመረ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ይበቃዋል።